ስድስቱን ለካሁ፣ አንዷ አስቸገረችኝ

አንተ ጎጃሜ፣

እንዴት ነህ? ልጆቹስ? የእማማ ጉልበትስ ተሻላቸው? «ነገ እጽፍለታለሁ» ስል ይኸው ስንት ጊዜ አለፈ። በቃ ይቅርታ፤ ወቀሳውን ስንገናኝ ቢራ ላይ ታወርድብኛለህ። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ የጻፍኩልህ ናፍቆት ብቻ አስገድዶኝ አይደለም። ቸግሮኝ ነው።

አማቼ ሽጉጡን ሰጠኝ። ያ የሞንታናው ሽማግሌ፣ ሠርጋችን ላይ እስክስታ ሲሞክር ቪዲዮውን አይተህ የሞትክበት። ሽጉጡ ስድስት ጎራሽ ነው፤ ጥይቱ 45 ኮልት። ይህ ጥይት በ1870ዎቹ የወጣ ነው፣ አድዋ ገና ሳይታሰብ። ሽማግሌው የሚተኩሰው በእርሳስ አረር ነው፤ እኔንም አስለመደኝ። ግን ትንሽ እንደተተኮሰ አፈሙዙ ውስጥ እርሳስ ይጋገራል። በባትሪ ብርሃን ስታየው አረሩን የሚያሽከረክሩት ጠመዝማዛ ቦዮች ዳር ብርማ ልጣጭ ተለጥፏል።

ሰው ሁሉ ባሩዱን ያማል። እኔ ግን ሲሊንደሩን፣ ስድስቱን ጥይት የሚይዘውን ተሽከርካሪ ብረት፣ ጠረጠርኩ። በስድስቱም ቀዳዳ፣ ቀለሁ ከሚተኛበት ሰፊ ክፍል ፊት ጠበብ ያለች ጉሮሮ አለች፤ አረሩ በእሷ አልፎ ነው አፈሙዝ የሚገባው። አረሩ 0.452 ኢንች ነው። ኢንች ስትሰማ ደምህ እንደሚፈላ አውቃለሁ፤ እሺ፣ 11.48 ሚሊ። አፈሙዙ ከቦይ እስከ ቦይ 0.4515 ነው። ጉሮሮዋ 0.450 ከሆነች አረሩን ታከሳዋለች። የከሳው አረር ሰፋ ያለ አፈሙዝ ሲገባ ጋዙ በጎኑ ሾልኮ እርሳሱን ይልጠዋል። ጉሮሮዋ ከአፈሙዙ እኩል ወይም በጣም ትንሽ ሰፋ ማለት ነበረባት።

እዚህ ያለ አንድ ሽጉጥ ጠጋኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አምጣው፣ ጉሮሮዎቹን በሪመር ፍቄ ላስፋልህ።» ሳይለካ! የተግባረ እድ መምህራችን ቢሰማ በመዶሻ ያባርረው ነበር። ብረት ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም። ሚስቴ ደግሞ «የአባዬን ሽጉጥ ነካክተህ ብታበላሽ...» ብላ የቀረውን በዓይኗ ጨረሰችው።

ስለዚህ ልለካ ተነሳሁ። ባዶ መሆኑን አየሁ፣ ደግሜ አየሁ፣ ሲሊንደሩን አወጣሁ። ካሊፐር አላስገባሁም፣ አትሳደብ። መንጋጋው ጠፍጣፋ ስለሆነ ጠባብ ክብ ውስጥ ከእውነቱ አሳንሶ ነው የሚያነበው፤ ጠርዙም ይጭራል። መጀመሪያ ጉሮሮዎቹን በማሟሟቻና በነሐስ ብሩሽ አጸዳሁ፤ እርሳስ የለበሰ ቀዳዳ ይዋሻላ። ከዚያ ፒን ጌጆቹን አመጣሁ፣ እነዚያን ልካቸው የታወቀ፣ በሺኛ ኢንች የሚበላለጡ የብረት ዘንጎች። ቀጭን ዘይት ቀብቼ፣ ሲሊንደሩን አቁሜ፣ ፒኑን በሁለት ጣት ለቀቅ። በራሱ ክብደት ከገባ ገባ፤ እምቢ ካለ አለቀ፣ አይገፋም። ፒኑ ጠንካራ ብረት ነው፤ ዘሞ ከተቀረቀረ ሲወጣ የሚተወውን ጭረት አንተ ከኔ የበለጠ ታውቀዋለህ።

ልንገርህ? ደስ አለኝ። እዚህ አገር ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ነው የምውለው። ያቺ ፒን ቀስ እያለች ስትሰምጥ የወርክሾፑ ሽታ ራሱ መጣብኝ። እንዳትስቅ። እሺ፣ ሳቅ።

አምስቱ ጉሮሮዎች 0.450ን ተቀበሉ፣ 0.451ን እምቢ አሉ። ጥርጣሬዬ ልክ ነበር ማለት ነው። ስድስተኛዋ ግን 0.450ን ከፊት በኩል ትጀምርና መሃል ላይ ትይዛለች። 0.449 በነፃ ያልፋል። እንደገና ቦረሽኳት፤ ያው ናት። ከዚያ ንጹሕ ለስላሳ የእርሳስ ድቡልቡል፣ እነዚህ የዓሣ ማጥመጃ ክብደቶች፣ ዘይት ቀብቼ በእንጨት ዘንግ ቀስ እያልኩ አሳለፍኩባት። ጠንካራ ቅይጥ አልተጠቀምኩም፣ ካለፈ በኋላ መልሶ ይነፋል። በማይክሮሜትር ለካሁት፤ 0.4495። ድቡልቡሉ የሚነግረኝ ግን የጠበበችውን ቦታ ብቻ ነው፣ የት እንደጠበበች አይነግረኝም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ይህቺ ጉሮሮ ወደ ውስጥ ሾጠጥ ያለች ናት ወይስ መሃል ላይ ሪመር የተወው የብረት እሾህ ቀርቶባታል? በትንሽ ቀዳዳ ጌጅ፣ ያ ጫፉ በሚሰፋው፣ ከፊት፣ ከመሃልና ከኋላ ብለካት ይለይልኛል? ወይስ እሱም እዚህ ጥልቀት ላይ እጄን ያታልለኛል? አንተ በቶርኖ ቤትህ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ሲገጥምህ ከየት ነው የምትጀምረው?

ሽማግሌው ለበጋ ይመጣል፣ አብረን ልንተኩስ ተቀጣጥረናል። እስከዚያ ማንም ሪመር አያስገባባትም፣ ያንተን ቃል ሳልሰማ። በድምፅ አትላክልኝ፤ መኪና እየነዳህ ትጀምርና ግማሹን ለትራፊክ ፖሊስ ነው የምታወራው። ቁጥሩን ጻፍልኝ። ከፈለግህ በሚሊ።

ያንተው