ይድረስ ለታደሰ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ

ለገጣፎ፣ ኅዳር

ወንድሜ ታደሰ፣ ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ቤተሰብስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝምታዬ ሁለት ክረምት ተሻገረ፤ ወቀሳውን ስንገናኝ እቀበላለሁ። አሁን ታኅሣሥ ሳይገባ ጥያቄህን ልመልስ።

በ20 ሳንቲሜትር ቴሌስኮፕ፣ ከቤቴ ጣሪያ ላይ ሆኜ የሌላ ኮከብ ፕላኔት መለካት እችላለሁ ወይ ብለህ ነበር። ትችላለህ። እላይ እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል ብለህ የራስህን አትናቅ። ፕላኔቷን ግን አታያትም፤ የምትለካው በኮከቧ ፊት ስታልፍ የምትጋርደውን ብርሃን ነው።

ለጀማሪ ብዙ ጊዜ የምትመከረው ኮከብ ኤችዲ 189733 ለእኛ አትሆንም፤ ደህና ከፍ የምትለው ክረምት ላይ፣ ሰማዩ ሲዘጋ ነው። አንተ ዋስፕ-43 የምትባለውን ኮከብ ያዝ። ፕላኔቷ በፈረንጅ 2011 ነው የታወቀችው። በ19 ሰዓት ተኩል አንዴ ትዞራለች፣ ብርሃኑን 2.5 በመቶ ያህል ትቀንሳለች፣ ማለፏም 70 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከጥር እስከ መጋቢት ለአንተ ምቹ ናት፤ በደቡብ በኩል እስከ 71 ዲግሪ ትወጣለች። 16 ዙሯ 13 ቀን ከ22 ደቂቃ ስለሚሆን፣ አንድ ሌሊት ደመና ቢያበላሽብህ ከ13 ቀን በኋላ በዚያው ሰዓት አካባቢ ትመለሳለች።

የመጀመሪያው ችግርህ ተራራው ነው። የቴሌስኮፑ ማቆሚያ የሚስተካከለው በሰሜን ኮከብ ነው፤ እሱ ግን በአዲስ አበባ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍታው፤ አንተ ጋ እንጦጦ ይጋርደዋል። ስለዚህ ከአናትህ በላይ ያለ ኮከብ ያዝና ሞተሩ እየዞረ 5 ደቂቃ ተመልከት፤ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ከሸሸች ማቆሚያውን ግራና ቀኝ አስተካክል። ቀጥለህ በምሥራቅ ዝቅ ያለች ኮከብ ያዝ፤ እሷ ከሸሸች የምትነካው ከፍታውን ነው። ኮከቧ ሌሊቱን ሙሉ ካሜራው ላይ ያው ቦታዋ ላይ ካልቆየች የቀረው ልፋት ከንቱ ነው።

እኛ ጋ ድንግዝግዝታው አጭር ስለሆነ ፀሐይ እንደጠለቀች ፈጥነህ 20 ወይም 30 የባዶ ሰማይ ፎቶ አንሳ፤ ካሜራው ላይ ያለውን የአቧራ ጥላ የምታርመው በእነሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ካሜራውን አትንካ። ይህን የሚዘል ሰው ኮከቧ የአቧራ ጥላ ላይ ስትንሸራተት 1 በመቶ ቅናሽ ያይና ፕላኔት አገኘሁ ይላል። በቀይ ማጣሪያ 60 60 ሰከንድ አንሳ። ካሜራህ ሊመዘግብ የሚችለው የብርሃን ቁጥር ጣሪያው 65,535 ነው፤ የኮከቧ ጫፍ ከ40,000 እንዳያልፍ፣ ካለፈ ትኩረቱን (ፎከሱን) ትንሽ አዛባና አደብዝዛት። ከማለፏ 45 ደቂቃ በፊት ጀምረህ ካለቀ 45 ደቂቃ በኋላ አቁም። የዋስፕ-43ን ብርሃን በአጠገቧ ባሉ ሦስት አራት ኮከቦች ብርሃን እያካፈልክ ነው መስመር የምትስለው፤ እሷ ቀላ ያለች ስለሆነች እነሱንም ከቀላዎቹ ምረጥ፤ አየር ሰማያዊውን ብርሃን ይበልጥ ስለሚበላ፣ ሰማያዊ ከመረጥክ መስመርህ ያዘነብላል። ኮከቧ የሰሜን ደቡብን መስመር ስታልፍ ቴሌስኮፑ መገልበጥ ካለበት ቀድመህ ገልብጠው፤ መሃል ላይ ከተገለበጠ መስመሩ ላይ ደረጃ ይሠራብሃል። የሰፈሩ የባሕር ዛፍ ጭስ እምብዛም አያሳስብህ፤ ሁሉንም ኮከቦች እኩል እስከሸፈነ ድረስ ሲካፈል ይጠፋል።

አሁን ዋናው፣ ሰዓት። ፕላኔቷ የምታልፍበት ሰዓት ትንበያ በዓለም ሰዓት (UTC) ነው የሚወጣው። 22፡10 ካለህ 3 ደምር፣ በፈረንጅ 1፡10፣ በእኛ ከሌሊቱ 7፡10 ነው። የስልክህ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይገለበጣል፣ የዓለም ሰዓት ቀን ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት በፊት አይገለበጥም፤ ሰው አንድ ቀን ሙሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የኮምፒውተሩን ሰዓት ከኢንተርኔት ጋር ሳታስተያይ አንድም ፎቶ አታንሳ። በመጨረሻ ጊዜውን ወደ ሥርዓተ ፀሐይ የክብደት ማዕከል ቀይረው፤ ምድር በምህዋሯ ላይ ባለችበት ቦታ የተነሳ ብርሃኑ እስከ 8 ደቂቃ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። አስትሮኢሜጅጄይ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ማካፈሉንም ይህንንም ይሠራልሃል።

ይህን ሁሉ የምነዘንዝህ የአንተ ልኬት ጥቅሙ ብርሃኑ ስንት በመቶ እንደቀነሰ ላይ ሳይሆን ሰዓቱ ላይ ስለሆነ ነው። ያንን የጠፈር ቴሌስኮፑ ጄምስ ዌብ ጨርሶታል፤ የዚችን ፕላኔት ቀን 1,250፣ ሌሊቷን 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለክቷል። ሰዓቱ ግን ደጋግሞ የሚለካ ሰው ይፈልጋል። የዙሩ ርዝመት በ0.1 ሰከንድ ብቻ ከተሳሳተ ከ1,000 ዙር በኋላ ስህተቱ 100 ሰከንድ ይሞላል። ዋስፕ-12 የምትባል የሌላ ኮከብ ፕላኔት ዙር በዓመት 29 ሚሊ ሰከንድ ያህል እያጠረ መሆኑ የታወቀው በዓመታት የሰዓት መዝገብ ነው። ለአውሮፓው አሪኤል የጠፈር ቴሌስኮፕ እንዲህ ያለ ሰዓት የሚያሰባስበው ኤክሶክሎክ የተባለ ፕሮጀክት ከአማተሮችም ይቀበላል።

የመጀመሪያውን ሌሊት ፋይሎች፣ የድንግዝግዝታውን ጭምር፣ በፍላሽ አድርገህ ላክልኝ። የተበላሸም ቢሆን ላከው፤ ከየት እንደተበላሸ አይቼ እጽፍልሃለሁ። ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ