ለሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ፦ የተያዘው ደሞዛችን መቼ ነው የሚለቀቀው?

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎት በቢሮ በኩል ሦስት ጊዜ ሞክሬ ስላልሆነልኝ ነው። ሁለት ማመልከቻዎቼ መዝገብ ቤታችሁ ተቀምጠዋል። በሦስተኛው በአካል መጥቼ ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት በርዎ ላይ ቆምኩ። "ስብሰባ ላይ ናቸው" ተባልኩና ተመለስኩ።

ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነበር። ከጥቅምት እስከ ሰኔ 2017 ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት እየወረድኩ፣ ማታ እየወጣሁ፣ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ቱቦ ስቀብርና ሽቦ ስስብ ከረምኩ። የቀጠረኝ የሕንፃው ባለቤት አይደለም። ተቋራጩም አይደለም። ኤጀንሲ ነው። የፈረምኩት ከኤጀንሲው ጋር፣ ደሞዝ የምቀበለውም ከኤጀንሲው ነው።

ደሞዜ በወር 12,000 ብር ነው። ከግብርና ከጡረታ ሌላ በየወሩ 2,400 ብር "መያዣ" ተብሎ ይቀነስብኛል። ውሉ "ፕሮጀክቱ ሲጠናቀቅ ይለቀቃል" ይላል። ስፈርም ስለዚህ ነገር ጠይቄያለሁ። የኤጀንሲው ሰው "አብሽር፣ ገንዘብህ የትም አይሄድም፣ እንደ ቁጠባ ቁጠረው" አለኝ። ሥራ ፈትቼ ነበርና አመንኩት። የዘጠኝ ወሩ ሲደመር 21,600 ብር ነው። መስከረም ላይ ለልጄ ደብተርና ዩኒፎርም የገዛሁት ከጎረቤት ተበድሬ ነው። የራሴ ገንዘብ ኤጀንሲው ዘንድ ቁጭ ብሎ!

ሰኔ መጨረሻ ላይ ሥራው ቆመ። አንዱ ሲሚንቶ ጠፋ ይላል፣ ሌላው ባለቤቱ ክፍያ አልለቀቀም ይላል፣ ብቻ ቆመ። "ስንጠራችሁ ትመጣላችሁ" ተባልን። እስከ ዛሬ የጠራን የለም። መያዣዬን ስጡኝ ብዬ ስሄድ "ፕሮጀክቱ መቼ ተጠናቀቀ?" ይሉኛል። እንግዲያው መልቀቂያ ስጡኝና ሌላ ቦታ ልግባ ስል ደግሞ "ውልህ እኮ አልተቋረጠም" ይላሉ። ለመክፈል ሲሆን ሥራው አላለቀም። ለማሠራት ሲሆን ሥራ የለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ደሞዝ በጊዜው መከፈል አለበት። ውል ሲቋረጥ የሠራተኛው ሒሳብ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይዘጋል። አሠሪው ካልከፈለ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደሞዝ ጨምሮ ሊያስከፍለው ይችላል። ኤጀንሲው ውሉን "አልተቋረጠም" እያለ በአየር ላይ ያንጠለጠለው ለምን እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት የለብኝም።

የእርስዎ ባለሙያ ውሌን ሲቀበለኝ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ገለበጠ። ጣቱን ፊርማዬ ላይ አድርጎ "ፈርመሃል እኮ" አለኝ። ከፊርማው በላይ ያለውን አላነበበውም። "በስምምነት ጨርሱ" ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ።

አዎ፣ ፈርሜያለሁ። ሠራተኛው በጽሑፍ ከተስማማ ከደሞዙ መቀነስ እንደሚቻል፣ ቅነሳውም ከወር ደሞዙ ሲሶ እንዳይበልጥ አዋጁ ላይ አለ። ኤጀንሲው የተደገፈው በዚህ ነው። ግን ቅነሳ ለዕዳ ነው። እኔ ለኤጀንሲው ምን ዕዳ አለብኝ? የተበደርኩት የለም፣ ያጠፋሁት ዕቃ የለም። አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛ ክፍያ እንዳይወስድ የሚከለክለውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 አገራችን ያጸደቀችው በ1991 ነው። የላቤን ዋጋ ለወራት ያለ ወለድ ይዞ መቀመጥ ከዚያ በምን ይሻላል?

በግንባታ ሥራ ሪቴንሽን የሚባል ነገር እንዳለ አውቃለሁ። የሕንፃው ባለቤት ከተቋራጩ ክፍያ ላይ ጥቂት በመቶ ይይዛል፣ ሕንፃው ቢሰነጠቅ ወይም ቢያፈስ ማስጠገኛ እንዲሆን። እሱ በድርጅትና በድርጅት መካከል ያለ ነገር ነው። ተቋራጩ ዋጋ ሲያቀርብ አስልቶ ይገባበታል። እኔ ግን የወር ደሞዝተኛ ነኝ። የቤት ኪራዬ "ፕሮጀክቱ ሲጠናቀቅ" ብሎ አይጠብቀኝም።

ከእኔ የባሰም አለ። ከኩታበር የመጣ አንድ ልጅ አብሮን በረዳትነት ይሠራ ነበር። በወር 1,500 ብር ይያዝበታል። በአራተኛው ወር ወባ ያዘው። ሌሊት ሲንቀጠቀጥ ጃኬቴን ደርቤለት አድሬያለሁ። ቤተሰቦቹ መጥተው ወሰዱት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፊቱ ገና እንደገረጣ የሐኪም ወረቀት ይዞ ሲመለስ "ሥራ አቋርጠህ ሄደሃል፣ መያዣህ ቀርቷል" ተባለ። ውሉ ላይ እንዲያ የሚል መስመር አለ። 6,000 ብሩን እንደዋዛ አጣ። ልጁ አልተከራከረም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። እኔም ያኔ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወሎ ውስጥ ሼኩም ቄሱም የሠራተኛ ዋጋ አታሳድሩ እያሉ ነው ያሳደጉን። የእኛ ግን ወራት አለፉት።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። የደሞዝ ጥያቄ መቅረብ ያለበት በስድስት ወር ውስጥ ነው። ሥራው ከቆመ ስድስተኛው ወር ታኅሣሥ ላይ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ኤጀንሲው "ጊዜው አልፏል" ሊለኝ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወሮች መያዣማ ገና አሁን እንዲያ ሊሉኝ ይችላሉ። አዋጁን ለሚያስፈጽመው አካል አቤት ማለት ይህን ጊዜ ያቋርጠዋል። ስለዚህ የእናንተ ዝምታ ለእኔ ተራ መጉላላት አይደለም። እናንተ ዝም ባላችሁ ቁጥር ቀኑ እየቆጠረብኝ ነው።

የምጠይቅዎት ብዙ አይደለም። ተቆጣጣሪ ልከው የኤጀንሲውን ፔሮል ያስመርምሩ፣ "መያዣ" የሚለውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ያንብብ። የኩታበሩን ልጅ ፋይል ያስወጡ። ለኤጀንሲው በስልክ ሳይሆን በደብዳቤ ይጻፉ፣ ግልባጩ ይድረሰኝ።

እስከዚያው ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች የገቡበት ቀን ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎባቸው ኮፒያቸው ይሰጠኝ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መዝገብ ቤት እገኛለሁ።