ፎቶው ላይ ያለው የአፈር ክምር መስኖአችን ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ራያ ቆቦ መስኖ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ስለ ጥልቅ ጉድጓዶቹና ስለ ጠብታ መስኖው የተጻፈው ባይከፋም፣ ከወንዙ ፎቶ ሥር ያስቀመጣችሁት መግለጫ ግን ደሜን አፈላው። «ድርቅ ያደረቀው ወንዝ፤ በስተግራ ጎርፍ ጥሎት የሄደ የአፈርና የጭራሮ ክምር» ይላል።

ጎርፍ ጥሎት የሄደ አይደለም፤ የከመርነው እኛ ነን፣ በአካፋ፣ በዶማና በወገባችን። እናት መሌ እንለዋለን፤ ጎርፉን ከወንዝ ጠልፎ ወደ ማሳ የሚመራው የዋናው ቦይ አፍ ነው። ከፎቶው ቀጥሎ ደግሞ «የአካባቢው ገበሬ ጉድጓድ እስኪቆፈርለት ድረስ መስኖ አያውቅም ነበር» ትላላችሁ። ማስረጃውን በቀለም አትሞ ከሥሩ የሚክድ ጋዜጣ አይቼ አላውቅም፤ ለዚህስ ምስጋና ይገባችኋል።

ወንዙንም ቢሆን ድርቅ አላደረቀውም። በየካቲት ሁልጊዜም አሸዋ ነው። ዘጋቢያችሁ መኪናውን ያቆመበት ቦታ በሐምሌ ሌሊት ቢሆን ኖሮ መኪናውን አፋር ሄዶ ይፈልገው ነበር። በስተምዕራብ ጊዳን ደጋ ላይ ዝናብ ሲጥል፣ እኛ ዘንድ ሰማዩ ኮከብ እንዳዘለ ደራሽ ይመጣል። ያኔ የተኛ ይነሳል። ውሃው የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ስለሆነ እስኪነጋ አይጠብቅም። የላይኛው ማሳ ሲጠግብ ለታችኛው ይለቃል፤ አልለቅም ያለውን፣ የውሃ ተራ የሚያስከብረው ሽማግሌ፣ የውሃ አባት የምንለው፣ ይዳኘዋል፤ ቦይ ጠረጋ ላይ ያልተገኘም ተራውን ያጣል። አንዴ በደንብ የጠጣ ጥቁር አፈር ዝናብ ቢያጥር እንኳ ማሽላውን ይዞ ይቆያል፤ ጎርፉ ይዞት የሚመጣው ደለልም ማዳበሪያችን ነው። የመንና ፓኪስታን ውስጥም በዚሁ ዘዴ ይታረሳል። እዚያ ቢሆን «ጥንታዊ ጥበብ» ትሉት ነበር፤ ቆቦ ሲሆን ክምር ሆነ።

ይህን ሁሉ ስለ አንድ የፎቶ መግለጫ መጻፌ ለብዙው አንባቢ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ትንሽ አይደለም። ከአባቴ የወረስኩት ማሳ የሚጠጣው በዚህ ቦይ ነው። ጎርፉ የቦዩን አፍ ነቅሎ በወሰደው ጊዜ ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ቅርጫት፣ እንዲሰጡን ለመጠየቅ አንድ ቢሮ ሄድን። ባለሙያው መዝገቡን ገልጦ «እናንተ ዝናብ ጠባቂ ናችሁ፤ የመስኖ በጀት አይመለከታችሁም» አለን። አብረውኝ የሄዱት ሽማግሌ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጎርፍ ሲመልሱ የኖሩ ናቸው፤ ምንም ሳይናገሩ ወጡ። እንግዲህ ያ ባለሙያ የእናንተን ዘገባ ሲያነብ ምን ይላል? «ይኸው፣ ጋዜጣውም መስክሮልኛል!»

ጉድጓዱን አልጠላም። በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያሳየን እሱ ነው። ነገር ግን ፓምፕ መብራት ይፈልጋል፣ መለዋወጫ ይፈልጋል። ከማሳዬ ማዶ ያለው ከጦርነቱ ወዲህ ድምፁን አላሰማም፤ ቱቦውን ፍየሎች መዝለያ አድርገውታል። ደግሞስ ያ የምታሞግሱት የከርሰ ምድር ውሃ ከየት የመጣ መሰላችሁ? ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ሜዳው ላይ ተዘርግቶ ሲሰርግ ነው የሚሞላው። ጎርፉን እያናናቁ ጉድጓዱን ማወደስ አያስኬድም።

ጭራሮና አፈር ኋላቀር ነው የሚለኝም ይኖራል። በራያ ሜዳ በሲሚንቶ የተሠሩ የጎርፍ መጥለፊያዎች ተሞክረዋል፤ በራቸው ጠባብ፣ ጎርፉ ደግሞ ድንጋይና ግንድ ጭኖ የሚመጣ ስለሆነ ብዙዎቹ በደለል ተደፈኑ። የእኛው ጎርፉ ከልክ ሲያልፍ ይፈርሳል፤ ፈርሶም ማሳውን ከመጠረግ ያድናል። እርግጥ መልሶ መሥራቱ ጉልበት ይጨርሳል፤ ለዚህ ነው ጋቢዮን የጠየቅነው።

«ጎርፉ ለዘመናት በከንቱ ወደ አፋር ይፈስ ነበር» የምትለዋን ሳልነካ አላልፍም። አፋር ውስጥ ጉሊና የሚባል ወረዳ እንዳለ ዘጋቢያችሁ ሰምቶ ይሆን? እዚያም ሰውና ግመል ይጠጣል። እኛ ከላይ ሆነን የምንለቀው ውሃ ለእነሱ ከንቱ አይደለም፤ ብዙ ስንጠልፍ ቀድመው የሚያውቁትም እነሱ ናቸው።

የፎቶውን መግለጫ እንድታርሙ እጠይቃለሁ። ዘጋቢያችሁም ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ በክረምት ይምጣ፤ ቦቲ ጫማና ባትሪ ይያዝ፣ ማደሪያ እኛ ዘንድ አለ። ካልተመቸው እዚያው አዲስ አበባ ሆኖ አንድ ጥያቄ ይጠይቅልን፦ በራያ ሜዳ በጎርፍ የሚለማው መሬት በየትኛው መዝገብ ላይ፣ ስንት ሄክታር ተብሎ ተይዟል? መልሱን በፊት ገጽ ባይሆን በውስጥ ገጽ አትሙልን፤ ቆርጠን ይዘነው ወደዚያ ቢሮ እንመለሳለን።

አንባቢያችሁ
ከራያ ቆቦ