የኮምፒውተር ክፍሉ ይከፈት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። የምተዳደረው በኮምፒውተር ጽሑፍ ነው። ሱቄ ከአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ስለሆነች ከደንበኞቼ የሚበዙት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ናቸው። እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ፕሪንት አደርጋለሁ፣ ኢሜይል እከፍታለሁ፣ ፓስፖርት በኦንላይን አስመዘግባለሁ። ስለ ትምህርትና ቴክኖሎጂ ሲወራ ድምፃቸው የሚሰማው ሁሌ ኃላፊዎችና ምሁራን ናቸው። ማውራታቸው ጥሩ ነው። ግን ከበሩ ማዶ ቁጭ ብሎ ልጆቹ ምን ይዘው እንደሚወጡ የሚያይ ሰውም የሚለው አለው።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ መጣች። የአይሲቲ አሳይመንት ይዛለች። አምስት ገጽ ሙሉ በእጇ ጽፋዋለች፤ ጽሕፈቷ ሲያዩት ደስ ይላል፣ ርዕሶቹን በቀይ እስክሪብቶ አስምራባቸዋለች። ተተይቦ ይምጣ ስለተባለ ልታስተይብ ነው የመጣችው። ስለ ምን እንደሆነ አየሁት። ስለ ኪቦርድ ክፍሎችና አገልግሎታቸው ነው።

ስለ ኪቦርድ የሚያወራ አምስት ገጽ፣ በእስክሪብቶ። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረምና ወንበሩን ስቤ «ነይ ቁጭ በይ፣ ራስሽ ጻፊው» አልኳት። ደነገጠች። «ጋሼ፣ ባበላሸውስ?» አለችኝ። አይበላሽም ብዬ አስቀመጥኳት። ስሟን ለመጻፍ ብቻ ብዙ ደቂቃ ፈጀባት። በአንድ ጣት ፊደሉን ትፈልጋለች፣ ስታገኘው ጠንከር አድርጋ ትጫነዋለች፣ ቶሎ ስለማትለቀው ያው ፊደል መስመሩን ሙሉ ይደረደራል። ከዚያ ትልቁን ፊደል ማውጣት ጠፋባት። ወረቀቷ ላይ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ሺፍት የሚባለው ቁልፍ ለምን እንደሚያገለግል በትክክል ጽፋለች። ቁልፉ ግን እዚያው ከግራ እጇ ትንሿ ጣት አጠገብ ሆኖ አላወቀችውም።

ይኼ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ያስተማሯትን አንድ በአንድ አጥንታለች። «ትምህርት ቤታችሁ ኮምፒውተር የለም እንዴ?» ስላት፣ «አለ፣ ግን ተቆልፏል። ዘጠነኛ ክፍል እያለን አንዴ አስገብተውናል» አለችኝ።

ቁልፉን የያዘውን መምህር አውቀዋለሁ። ፈተና ሊያባዛ እኔው ጋ ይመጣል። አንድ ቀን በግልጽ ጠየቅሁት፤ እሱም በግልጽ መለሰልኝ። «ዕቃውን በሞዴል 22፣ በንብረት መረከቢያው ቅጽ፣ ፈርሜ የተረከብኩት እኔ ነኝ» አለ። ማውስ ቢጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስክሪን ቢሰበር የሚጠየቀው እሱ ነው። ዝውውር ቢያገኝ እያንዳንዷን ዕቃ ቆጥሮ ካላስረከበ ክሊራንስ አይሰጠውም። አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ አለ፤ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ደግሞ ከ20 አይበልጡም፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ ልጆቹን አሰልፎ አስገብቶ ማሽን እስኪነሳ ግማሹ ያልቃል። የሚያግዘው ቴክኒሽያን የለም። መብራት በድንገት ሄዶ ሲመጣ ፓወር ሰፕላይ ይቃጠላል፣ ለመተካት በጀት የለም። «ብዘጋው ማንም አይጠይቀኝም፣ ብከፍተው ግን ለተበላሸው ሁሉ እኔ ነኝ ተጠያቂ» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም በሱ ቦታ ብሆን ሳልቆልፈው አላድርም።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው። ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ኮምፒውተር እንደ ጠረጴዛና ቁም ሳጥን የንብረት ክፍል ዕቃ ሆኗል። ሳይነካ አሥር ዓመት ቢቀመጥ ያው ቆጠራው ልክ ነው፣ ኦዲተሩም ምንም አይልም። ልጅ ነክቶት ቢሰበር ግን ደብዳቤ ይጻፋል። ማሽኑ ደግሞ ተቆልፎም ያረጃል፤ ሳይሠራበት ጊዜው ያልፍበታል፣ አቧራ ይጠጣል፣ ባትሪው ይሞታል። መቆለፉ ያተረፈልን ነገር የለም።

እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. የሳተላይት ትምህርቱ ሲጀመር 9ኛ ክፍል ነበርኩ። ለዛሬ ልጆች ለማስረዳት ያህል፦ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በእንግሊዝኛ በሳተላይት ይመጣል፣ አገሪቱ ሁሉ በአንድ ሰዓት ያንኑ ይማራል። የእኛ መምህር መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይናገራል፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ይናገራል፣ መሃሉን ስክሪኑ ይወስደዋል። ጥሩ ጎን ነበረው፣ አልክድም። የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይኔ ያየሁት በፕላዝማ ነው፤ ላቦራቶሪያችን ባዶ ነበር። ግን ፕላዝማ አይጠብቅም። ጥያቄ ቢኖርህ አይሰማህም። ገልብጠህ ሳትጨርስ ገጹ ይቀየራል። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት በቃ አመለጠ ማለት ነው። በጣም ጎበዝ የነበረው የሒሳብ መምህራችን እጁን አጣምሮ ጥግ ላይ ቆሞ እንደኛው ሲያዳምጥ ትዝ ይለኛል። ስክሪኑም በሣጥን ተቆልፎ ነበር የሚቀመጠው፤ ቁልፉ እዚያም ነበር። ያኔም የተገዛው ዕቃ ነው፣ ልጁ በእጁ የሚሠራው ነገር አልታሰበበትም።

ከዚያ በፊት ግን እንዲህ አልነበረም። አክስቴ የተማረችው ኮምፕርሄንሲቭ ይባሉ ከነበሩት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ነው። በዚያ ጊዜ ከአካዳሚክ ትምህርቱ ጎን እንጨት ሥራ፣ ባልትና፣ ሒሳብ አያያዝና ታይፕ ይሰጥ ነበር። ታይፕ ሲማሩ እጃቸውን እንዳያዩ በወረቀት ይሸፍኑባቸው እንደነበር ትነግረኛለች። በአሥር ጣቷ ነው የምትጽፈው፣ ዛሬም ጡረታ ወጥታ ሱቄ ስትመጣ በፍጥነት ትበልጠኛለች። 12ኛን ጨርሳ በቀጥታ ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች። ያን ያህል ዓመት ካለፈ በኋላ የዛሬው የ10ኛ ክፍል ልጅ ሺፍት የት እንዳለ አለማወቁ ያሳዝነኛል።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። ልጆቹ አሳይመንቱን ቻትጂፒቲ የሚባለውን፣ ሲጠይቁት ራሱ የሚጽፈውን ፕሮግራም አሠርተው በቴሌግራም ይልኩልኛል፣ እኔ ፕሪንት አደርጋለሁ። ማሽኑ «እሺ፣ የጠየቅከኝ ድርሰት ይኸውልህ» ብሎ የጻፋት የመጀመሪያ መስመር ሳትቀር አብራ የምትመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዱ ልጅ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ የተጻፈ ይዞ መጣ። ጽሑፉ ጥቁር ውኃ ከሐይቁ ይወጣል ይላል። ልጁ ደግሞ ሰፈሩ ጥቁር ውኃ ነው! ወንዙ ወደ ሐይቁ እንደሚገባ፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ እንደሌለ ከኔ በላይ ያውቃል። አንብበው አልኩት። ሲያነብ ቆይቶ «እንዴ፣ ይኼ እኮ ተሳስቷል» አለ። ተሳስቷል እንጂ። ቁጭ ብሎ አስተካክሎት፣ ሁለት አንቀጽ ከራሱ ጨምሮበት ሄደ፣ ያ አሳይመንት ከማሽኑ የተሻለ ነበር። እኔ ይከልከል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ነገ በዚህ ነው የሚሠራው። ግን ማሽኑ የጻፈውን መመርመር የሚለመደው መምህር አጠገብ ሆኖ፣ ክፍል ውስጥ፣ እየተነጋገሩ ነው። ክፍሉ ተቆልፎ ልጁ ብቻውን ማታ በስልኩ ከተማረው መገልበጥን ብቻ ነው የሚማረው።

ሥራ ፍለጋውንም ላንሳ፤ እሱም በኔ ሱቅ በኩል ነው የሚያልፈው። ክፍት የሥራ ማስታወቂያዎቹን ብታዩ ከታች «መሠረታዊ የኮምፒውተር ችሎታ ያለው/ያላት» የማይል የለም። ለሆቴል እንግዳ ተቀባይ ይጠየቃል፣ ለዕቃ ግምጃ ቤት ይጠየቃል፣ ለገንዘብ ያዥ ይጠየቃል። እዚህ ከተማችን በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ እንኳን ልብስ ስፌቱ ላይ የሚቀመጠው ሌላ ሆኖ፣ የሚቆጥረውና የሚመዘግበው ሰው ኤክሴል ይጠየቃል። ዲግሪ ይዘው መጥተው ሲቪ ሥራልኝ የሚሉኝ አሉ። ሲቪውን በኢሜይል ላኪ ስላት «እንዴት ነው የሚያያዘው?» ያለችኝ የማኔጅመንት ምሩቅ አለች። አሁን ደግሞ ብዙው ማመልከቻ በኦንላይን ፎርም ሆኗል፤ ፎርሙን የምሞላላቸው እኔ ነኝ። ይለፍ ቃላቸውን እኔው ደብተር ላይ ጽፌ የያዝኩላቸው ልጆች አሉ፤ ይኼ ልክ እንዳልሆነ ባውቅም ካልያዝኩት በሳምንቱ ረሳሁት ብለው ይመጣሉ።

5 ሚሊዮን ኮደርስ የሚባለው ሥልጠና ሐምሌ 2016 ሲጀመር ደስ ብሎኝ ነበር። በነፃ ነው፣ ጥሩ ነገር ነው። ግን ሊመዘገቡ የመጡት ልጆች መጀመሪያ የጠየቁኝ ኢሜይል እንድከፍትላቸው ነው። ፕሮግራም መጻፍ ከመማሩ በፊት ልጁ የራሱን ኢሜይል ራሱ መክፈት ነበረበት። ስለ 12ኛ ክፍል ፈተናም እንደዚሁ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ስንሰማ ሁላችንም ደንግጠናል፣ ያ ብዙ ምክንያት አለው፣ ወደሱ አልገባም። ከ2016 ወዲህ ግን ፈተናው በኮምፒውተርም መሰጠት ጀምሯል፣ ወደፊት ሁሉም ወደዚያው ነው የሚሄደው። ማውስ በወጉ ይዞ የማያውቅ ልጅ የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋቱን በማውስ ሲፈተን እጁ ይንቀጠቀጣል። ለመለማመድ እኔ ጋ መጥተው በሰዓት የከፈሉ ልጆች ነበሩ። የመክፈያ የሌላቸው ደግሞ አልመጡም።

አዎ፣ በዚህ ሁሉ እኔ ገንዘብ አገኛለሁ። ልጆቹ ባለመቻላቸው ነው ቤቴ የሚተዳደረው። ቢሆንም ይኼን ደብዳቤ ከመጻፍ አልከለከለኝም፤ የኔም ልጅ ዘንድሮ 4ኛ ክፍል ናት።

መብራት የሌላቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ሌላ ነው፣ እነሱ ጋ ቅድሚያ መብራቱ ይግባ። እኔ የማወራው መብራቱም ኮምፒውተሩም ኖሮ በሩ ስለተዘጋበት ቦታ ነው። እዚያ አዲስ ዕቃ ግዙ አልልም። የንብረት መመሪያው ይስተካከል፤ በትምህርት ላይ እያለ የተበላሸ ማውስና ኪቦርድ እንደ ጠመኔ ይቆጠር፣ ጠመኔ አለቀ ተብሎ ከመምህር ደመወዝ አይቆረጥም። ሆን ብሎ የሰበረ ካለ እሱ ለብቻው ይታይ። የአይሲቲ ፈተና ግማሹ በእጅ የሚሠራ ይሁን፤ ልጁ ማመልከቻ ጽፎ፣ ሴቭ አድርጎ፣ በኢሜይል ልኮ ያሳይ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ በሚማርበት በሌላው ቋንቋም መተየብ ይማር። 60ው ልጅ በአንዴ አይገባም፤ በሃያ በሃያ ተከፍለው ከትምህርት ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ይግቡ፣ ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል የሚችሉት ታናናሾቻቸውን ያሳዩ። የሒሳቡም የጂኦግራፊውም መምህር ክፍሉን ይጠቀምበት፣ ለምን የአይሲቲ ብቻ ይሆናል?

ያቺ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ከትምህርት መልስ እየመጣች ማሽኑ ባዶ ሲሆን ተለማመደች። ስታየው የምትፈራው ነገር አልነበረም። ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ናት። አሳይመንቷን ራሷ ትተይባለች፣ ጓደኞቿንም ይዛ እየመጣች ታሳያቸዋለች። ችግሩ የኔ ሱቅ ሁለት ኮምፒውተር ብቻ ነው ያላት።

ስለዚህ ባለፈው ወር ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አስገባሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በነፃ ላስተምር፣ የተበላሸውንም የምችለውን ያህል ልጠግን ብዬ ጠየቅሁ። በከተማው እንደኔ ዓይነት ሱቅ ያላቸው ሁለት ጓደኞቼም አብረን እንሁን ብለዋል። መምህሩ ፈቃደኛ ነው፣ ዕቃው ቢበላሽ በሱ ላይ እንደማይመጣ የሚገልጽ አንድ ወረቀት ብቻ ይፈረምልኝ ብሏል። ወረቀቱን ተይቤ ፕሪንት አድርጌ ሰጥቼዋለሁ። እስካሁን አልተፈረመም።

አክባሪያችሁ
የኮምፒውተር ጽሑፍ ባለሙያ፣ ከሐዋሳ