ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ አጎትሽ አርባ

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሐዘን ቤት ያለ ሰው ደህና ከተባለ ማለቴ ነው።

ለአጎትሽ አርባ ብር ልልክ ነው፣ ሰንጋ ይጣል፣ ትልቅ ድንኳን ይተከል ማለትሽን ወንድምሽ ነገረኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ግን አይሆንም። በስልክ ብነግርሽ ታለቅሻለሽ፣ እኔም ነገሬን አልጨርስም። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ ቀብሩን ልንገርሽ። ፈቃድ ከልክለውሽ መቅረትሽ እንደሚቆጭሽ አውቃለሁ። ሕመሙን ታውቂዋለሽ፣ ያው ስኳሩ ነው፤ እሱን አልደግመውም። የእድሩ ጥሩምባ የተነፋው ገና ሳይነጋ ነው። ረፋድ ላይ አራዳ ያሉ ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ሸፋፍነው መጡ። ባታ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ የአቋቋም ዜማ ተማሪዎቹ፣ ከየአገሩ መጥተው እዚያ የሚማሩት፣ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ማን ጠራቸው አልኩ። ለካ አጎትሽ ወንድምዓለም ልብሳቸውን ሲጥፍላቸው ነው የኖረው። አንዱ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ክርኑ ላይ ያለውን ጥፍ አሳየኝ። ያቺን ስፌት የትም ባያት አውቃታለሁ፤ ጥቅጥቅ ያለች፣ መርፌው የገባበት የማይታይ። ጉልበቴ የከዳኝ እዚያ ላይ ነው።

ከሠልስቱ በኋላ ሱቁን ከፈትኩት። ጥምቀት ደርሷል፣ የሰው ቀሚስ ተሰቅሎ መቅረት የለበትም። በታኅሣሥ እንዴት እንደሚሆን ታስታውሺያለሽ አይደል? «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያለ ይስቃል፣ ሌሊቱን መኪናውን ሲረግጥ ያድራል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዘገበው ሲባል ከተማው ሁሉ ደስ ብሎት ሲያወራ፣ የእሱ ወሬ «እንግዳው ሊበዛ ነው፣ ጨርቃችሁን ቶሎ አምጡ» ነበር። አንቺንም ሕፃን ሳለሽ ከቀሃ ወንዝ ውሃው ተስቦ የፋሲለደስ መዋኛ ሲሞላ ትከሻው ላይ አድርጎ የወሰደሽ እሱ ነው። ጎረምሶቹ ውሃው ውስጥ ሲዘሉ ፈርተሽ ጆሮውን ይዘሽ አልለቅም አልሽ። ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዬ ቀላ እያለ ያሾፍ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ነጭ ቀሚስ ተዘርግቶ አገኘሁ። ጠመኔ አይወድም፣ በሳሙና ስባሪ ነበር የሚያሰምረው። ዘምዘማው የሚታጠፍበት የሳሙና መስመር እንዳለ ነው። መርፌውም ጥለቱ ላይ ተሰክቷል። እኔ አልነካሁትም፤ አብሮት የሚሠራው ልጅ ጨረሰው።

ደብተሩን የከፈትኩት የማን ልብስ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ስም፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት፣ ዋጋ። አንዳንዱ ስም አጠገብ ግን ዋጋ የለም፣ «ተከፍሏል» ብቻ ይላል። አብዛኛው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። «እነዚህ ቀድመው ነው እንዴ የሚከፍሉት?» አልኩት ልጁን። አንገቱን ደፋ። «ማንም አልከፈለም እትዬ። ጋሼ ገና ሲለካቸው ነው የሚጽፈው፣ እናቶቹ ደብተሩን አይተው እንዳይሳቀቁ» አለኝ። እኔ እህቱ፣ ቡና ይዤለት የምመላለስ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ሚስጥረኛ!

አሁን ወደ ተዝካሩ ልምጣ። አጎትሽ ድግሱን አይወድም ነበር። ቄሱን፣ ፍትሐቱን፣ ነዳያን ማብላቱን አይደለም፤ እሱን አጥብቆ ይወዳል። የሚጠላው ተበድሮ መደገሱን ነው። በእኛ አገር ለአባቱ ተዝካር በሬውን ሸጦ ክረምት ሲመጣ የሚያርስበት ያጣ ስንት አለ።

ይህ አመል የመጣበት ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር የጎንደርን ወጣት ሲፈጅ እሱ ተማሪ ነበር። አብረውት የሚማሩት ተወሰዱ። ልጃቸው የተገደለባቸው እናቶች ማልቀስ ተከልክለው ነበር። እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ አያትሽ ለጎረቤታችን ልጅ በሩን ዘግታ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ስታለቅስ አይቻለሁ። እሱ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልተመለሰም፣ የአባታችን ሲንገር ላይ ቁጭ አለ። ስለዚያ ዘመን ብዙ አያወራም። ትልቅ ድግስ ባየ ቁጥር ግን «ጥሩምባ ተነፍቶለት፣ ሰው አልቅሶ የቀበረው ሰው ሰንጋ ምን ያደርግለታል?» ይላል። እሱ ጥሩምባውንም ሰውንም አግኝቷል።

ሳይወልድ ስለሞተ ማን ያስታውሰዋል ብለሽ እንደተጨነቅሽ ይገባኛል። የጎንደር ሰው ደግሞ ስም ይወዳል፤ «ወንድሟን በሽሮ ሸኘችው» የሚል አይጠፋም። ወሬውን እችለዋለሁ፣ ለእሱ አታስቢ።

አርባው ከጥምቀት በኋላ ነው። ባታ ፍትሐት ይደረጋል፣ ነዳያኑና ተማሪዎቹ ይበላሉ። እንጀራውን ጎረቤት ተካፍሎ ይጋግራል። ጌሾው ተወቅጧል፣ ጠላው የእኔ ነው። መኪናዋን ለልጁ ልሰጠው አስቤያለሁ፤ እጁ እየተስተካከለ ነው፣ የኪስ አሠራር ብቻ ይቀረዋል። አንቺ መርዳት ከፈለግሽ የሱቁን ኪራይ እስከ ሰኔ ቻይለት፣ ከተረፈሽ ደግሞ ለመስከረም አንድ ጣቃ የዩኒፎርም ጨርቅ እንገዛበታለን። ደብተሩ ላይ «ተከፍሏል» የተባሉ ገና ያልተሰፉ ልጆች አሉ።

ብሩን ግን በእኔ ስም ላኪው። ለወንድምሽ ከደረሰው ሰንጋ እየጎተተ ነው የሚመጣው።

እናትሽ
ጎንደር