አሮጌ የጓሮ ማረሻ ሞተር ስንት ያወጣል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በመሀል ከተማ ግቢ ያለው ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ፣ ቲለር የሚባለው የጓሮ ማረሻ ሞተር የሚያርሰው መሬት ያጣል። ከዚያ ወይ ቁራሌው በብረት ዋጋ ይወስደዋል፣ ወይ ባለቤቱ የድሮውን ደረሰኝ ይዞ ገዢ ሲጠብቅ ይከርማል። ሁለቱም ሒሳብ አያዋጣም።

ደረሰኙን መተው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ማሽኑም መለዋወጫውም ከውጭ ስለሚገባ፣ መነሻው ያው ጉልበት ያለው አዲስ ማሽን ዛሬ መርካቶ ስንት እንደሚጠራ ነው። እንከን የሌለው አሮጌ የዚያን ግማሽ ካወጣ ደህና ተሸጠ እንላለን። ከግማሹ ላይ የጥገናው ወጪ ይቀነሳል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አዲሱ 80,000 ብር ቢሆን ግማሹ 40,000 ነው፤ ቢላዋና ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ) 7,000 ከጠየቁ ድርድሩ 33,000 ላይ ይጀምራል።

ዕድሜውን ሞተሩ ራሱ ይናገራል። ብሪግስ ኤንድ ስትራተን የሚባለው የሞተር ስሪት ከሆነ፣ ከተመቱበት ሦስት ቁጥሮች «ኮድ» የሚለው የምርት ቀኑ ነው፤ 98052612 ቢል የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በፈረንጆቹ 1998፣ አምስተኛው ወር፣ 26ኛው ቀን ነው። ቢሆንም ከዕድሜው ይልቅ አቀማመጡ ይበልጥ ይጎዳዋል። ቤንዚን ታንኩ ውስጥ ከርሞ ከሆነ ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ተደፍኗል፤ ይህ በማጽዳት የሚድን ነው። (ዢግለሩን፣ ቤንዚን በልክ የሚያሳልፈውን ባለቀዳዳ ቡሎን፣ በሽቦ የሚወጋ ሰው ካያችሁ አስቁሙት፤ ቀዳዳው ይሰፋል። በአየር ግፊት ነው የሚነፋው።) የሞተር ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ደግሞ የካርቡራተሩ መርፌ አልዘጋ ብሎ ነዳጁ ወደ ታች ወርዷል። በዚያ ዘይት ማስነሳት አይገባም።

ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ ነው ማየት። ገዢ ሳይመጣ አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለ፤ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) በእጅ መዳበስ ይበቃል። የማስነሻው ገመድ ሲሳብ ላላ ስላለ ብቻ ሞተሩ ሞቷል አይባልም፤ ብዙዎቹ ማስነሻውን የሚያቀል መሣሪያ ከውስጥ አላቸው። ይልቅ የአየር ማጣሪያውን ክፈቱት፤ በዘይት የራሰ ከሆነና ማሽኑ በጎኑ ተኝቶ ካልነበረ የፒስተን ቀለበቶቹ አልቀው ሊሆን ይችላል።

ጭሱ ላይ አዲስ አበባ ብዙ ሰው ታሳስታለች። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል በፋብሪካ ዢግለሩ ያለ ሞተር ቤንዚን ይበዛበታል፣ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል። ጉልበቱም በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ 5.5 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት እዚህ የሚሰጠው 4 ገደማ ነው። ደላላ ጥቁር ካንዴላ እያሳየ ዋጋ ሲያወርድ አትደንግጡ፤ መድኃኒቱ ጠበብ ያለ ዢግለር ነው። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ግን ዘይት እየነደደ ነው፤ ሞተሩ መፈታቱ አይቀርም። ዢግለሩ የጠበበለትን ማሽን ወደ መተሐራ የሚወስድ ገዢ የቀድሞውን መልሶ ያስገጥም፤ ያለዚያ ቆላ ላይ ከመጠን በላይ ይግላል።

ዋጋውን የሚቆርጠው ግን ካምቢዮው፣ የሞተሩን ጉልበት በጥርሶች ወደ ቢላዎቹ የሚያደርሰው ሳጥን፣ ነው። የማዳበሪያ ከረጢት ክርና ሲባጎ ቢላዎቹ ሥር ባለው ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ ፓራሊዮውን (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘውን ጎማ) ይቆርጣል፤ ዘይቱ ያልቃል፣ በደረቁ የዞረ ጥርስ ይበላል። ሞተሩ ጠፍቶ ቢላዎቹን ከመሬት አንሡና ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁ። ዘንጉ ከተንገጫገጨ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቋል፤ ኩሽኔታም ፓራሊዮም በላያቸው በተጻፈው ቁጥር የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ይገኛሉ። ቀጥሎ የካምቢዮውን ዘይት በጣት ነክቶ ፀሐይ ላይ ማየት ነው። በብዙዎቹ ትናንሽ ቲለሮች ትልቁ ጥርስ ነሐስ ስለሆነ፣ ወርቅማ ብናኝ ከታየ እያለቀ ነው፤ ምትኩ በቀላሉ አይገኝም፤ አስቀርጾ ማሠራቱም አይረክስም። ለመሰበር የተሠራው ለስላሳ ፒን ቦታ ላይ ጠንካራ ቡሎን ከገባም ተጠራጠሩ፤ ድንጋይ ሲመታ ቡሎኑ አልሰበር ብሎ ጉዳቱ ወደ ጥርሱ ሄዷል። በብየዳ የተረዘመ ቢላዋ እንደሌለ ይቆጠር።

ካምቢዮው ቢሞትም ሞተሩ ደህና ከሆነ በብረት ዋጋ አትስጡ። ዘንጉ አግድም የሆነ ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ለውኃ ፓምፕ፣ ለኮምፓክተር (አፈር መጠቅጠቂያ) እና ለቪብሬተር (ኮንክሪት መንዘሪያ) ፈላጊ አለው። የማሽኑ የመጨረሻ ዝቅተኛ ዋጋ የሞተሩ ዋጋ ነው፤ ከዚያ በታች የሚጠራ ገዢ ሲመጣ ሞተሩን ፈትቶ ለብቻው መሸጥ ይሻላል።

ጋዜጣውን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የቲለር ማስታወቂያ ስትቀበሉ የሞተሩን ቁጥርና ካምቢዮው ተፈትቶ እንደሆነ አብሮ ይጻፍ። «በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ» የሚለው ቦታውን ይልቀቅላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አነስተኛ ሞተር ጠጋኞች፣ ተክለሃይማኖት፣ አዲስ አበባ