ይድረስ ለአባዬ፣ መንዝ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ።

ባለፈው «ድምፅሽ ተለውጧል፣ ምን ሆነሻል?» ብለውኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ልጽፍልዎት ወሰንኩ።

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። እዚህ ደብረ ብርሃን የምሠራበት ፋብሪካ በሦስት ፈረቃ ነው የሚሠራው። አንዱን ሳምንት ጧት፣ ቀጥሎ ከሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እገባለሁ። ሰውነቴ አንዱን ሲለምድ ሌላው ይመጣል። ከሌሊት ሥራ ስወጣ ደግሞ ነግቷል፤ ሰውነት ብርሃን ሲያይ ይነቃል። ድካሙ አለ፣ እንቅልፉ የለም። ዓይኔን ስጨፍን ታርጌቱ፣ በፈረቃዬ እንድጨርስ የታዘዝኩት የሥራ መጠን፣ ይመጣብኛል። በትንሹም ነገር ሆድ ይብሰኛል፣ አለቅሳለሁ።

«ወጣት ምን ይደክመዋል» እንዳይሉኝ። እርስዎ በአጨዳ ሰሞን ከኔ በላይ ይለፋሉ፤ አይቼ ነው ያደግሁት። ግን ሲደክምዎት ከክምሩ ጥግ አረፍ ይላሉ፣ ጠላ ቀምሰው ከደቦኛው ጋር ይጫወታሉ። ሰዓት ይዞ የሚቆምብዎት የለም። እኔ ሽንት ቤት ለመሄድም አስፈቅዳለሁ። ሮበርት ካራሴክ የሚባል ተመራማሪ በ1979 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጽፏል፦ ሰውን በጣም የሚጎዳው ሥራ በዝቶበት በገዛ ሥራው ላይ የመወሰን ዕድል ሲያጣ ነው።

ኦቨርታይሙም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በሳምንት 48 ሰዓት፣ ትርፉን ከ12 እንዳይበልጥ ይላል። ሲደመር 60 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. እንዳሳወቁት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ ለስትሮክ ያለው ስጋት በ35 በመቶ ይጨምራል። ሕጉ ቢከበርም ብዙ ነው ማለት ነው። ብሩ እንደሚያስፈልገን አውቃለሁ፤ ለማዳበሪያው የላክሁትም ከኦቨርታይሙ ነው። ቢሆንም ከእንግዲህ በእረፍት ቀኔ አልገባም። የምልከው ይቀንሳል። እባክዎ አይቀየሙኝ።

ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ግቢ ብለውኛል። እሄዳለሁ፣ እምነቴ ነው። ሐኪምም አነጋግራለሁ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። እማዬን ግን «ዓይን ነው» ብላ እንዳትጨነቅ ይንገሩልኝ። ሥራው ነው።

ፈረቃው ቶሎ ቶሎ እንዳይቀያየር ከጓደኞቼ ጋር ጠይቀናል፤ መልስ እየጠበቅን ነው።

ይህን ሳምንት የሌሊት ነኝ። ጧት ስልኬን አጥፍቼ ስለምተኛ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይደውሉልኝ።

ልጅዎ